ኬላ ሲደክም፦ ከአንኮበር በር እስከ ፋየርዎል



በዚህ ንግግር ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ታሪኮችን ጎን ለጎን አቀርባለሁ። አንደኛው፣ አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ እንግዳና ነጋዴ ይስተናገድበት የነበረው የኬላ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው፣ በኮምፒዩተር ኔትወርክ ደጃፍ የሚቆመውና ፋየርዎል ብለን የምንጠራው መሣሪያ ታሪክ ነው። የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለጥበቃ የተሠራ በር ራሱ የአገልግሎት መቋረጥ ምክንያት የሚሆነው እንዴት ነው? ጥያቄው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ተማሪ የሚመዘገበው፣ ገንዘብ የሚተላለፈው፣ ፈተና የሚሰጠው በእነዚህ በሮች በኩል ነውና የሁላችንም ጥያቄ ሆኗል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እንድትይዙልኝ እጠይቃለሁ።

ግድግዳ የተባለ ኬላ

ከስሙ እንነሣ። ፋየርዎል የሚለው ቃል ከሕንፃ ሥራ የተወሰደ ነው፤ በአንድ ቤት የተነሣ እሳት ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት የሚሠራውን ግድግዳ ያመለክታል። ግድግዳ ማንንም አይጠይቅም፤ አይመዘግብም፤ ትናንት ማን እንዳለፈ አያስታውስም። ስለዚህም አይደክምም። በኔትወርክ ደጃፍ የሚቆመው መሣሪያ ግን ሌላ ሥራ አለው። የሚመጣውን እያንዳንዱን የመረጃ ጥቅል፣ ማለትም ፓኬት፣ ከወዴት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ውስጥ የሚጠብቅህ ማን ነው እያለ ይመረምራል። ያሳለፈውን በመዝገብ ይይዛል፤ የከለከለውንም ይጽፋል። አማርኛ ለዚህ ሥራ የቆየ ቃል አለው፤ ኬላ ነው። ስሙ ግድግዳ ቢልም ሥራው የኬላ ነው። ይህ የስምና የሥራ ልዩነት የሚያስከትለው መዘዝ ከቃላት ጨዋታ ያለፈ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

አገልግሎት የማስተጓጎል ጥቃት የሚባለው ኬላውን ሰብሮ መግባት አይደለም። አጥቂው ምንም ሳይሰርቅ፣ ምንም ሳያነብ፣ ኬላ ጠባቂው የታዘዘውን ሥራ እየሠራ አቅሙ እንዲሟጠጥ ያደርጋል። ጠባቂው ሲወድቅ ከኬላው በስተጀርባ ያለው አገር ሁሉ ይዘጋል። ይህን ለመረዳት፣ አቅሙን ያልጨረሰን አንድ ኬላ መጀመሪያ መመልከት ይጠቅማል።

ከታጁራ እስከ አንኮበር

በአካባቢው ትውፊት አንኮበር የአንኮ በር ማለት ነው ይባላል። ከደብረ ሲና በላይም ጣርማ በር አለ። በሰሜን ሸዋ በር የሚለው ቃል በቦታ ስም ውስጥ ተደጋግሞ መገኘቱ ከመልክዓ ምድሩ የመጣ ነው፤ የአፋርን ቆላ ከሸዋ ደጋ የሚለየው ገደል ረጅም ነው፣ መውጫው ግን ጥቂት ነው። መውጫውን የያዘ ሰው አገሩን ይዟል።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው የሲራራ መንገድ የአሳል ሐይቅን አካባቢ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ በሳምንታት ጉዞ አቋርጦ፣ በገደሉ ግርጌ ወዳለችው ፋሬ ይደርስ ነበር። ግመሎች ከዚያ አያልፉም፤ ጭነታቸው ይራገፍና በሰውና በጋማ ከብት ሽቅብ ይወጣል። ቀጥሎ የአልዩ አምባ ገበያ አለ፤ ከእርሱ በላይ አንኮበር። በዚህ መንገድ ጨውና የውጭ አገር ሸቀጥ ይገባ ነበር፤ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ በኀዘን የምናስታውሰው የባሪያ ንግድም ይወጣበት ነበር። መንገዱን የሚጠብቀው የይፋት ገዥ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ ይህን ሥልጣን በውርስ የያዘው ወላስማ መሐመድ ሲሆን፣ የመንግሥት እስረኞች የሚያዙበት ጎንቾም በእርሱ እጅ ነበር።

በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በዚህ መንገድ መጣ። ቡድኑ የንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት ስጦታ የያዘ ቢሆንም፣ ከኬላው የንጉሡ ፈቃድ እስኪደርስ መቆየት ግድ ሆኖበት ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 16 ቀን በእንግሊዝና በሸዋ መካከል የንግድ ውል ተፈረመ። ሃሪስ ስለ ውሉ ሲጽፍ ትልቅ ቦታ የሰጠው አንድ ነገር፣ ወደ አገሩ የገባ እንግዳ እንዳይወጣ የሚከለክለውን የቆየ ልማድ ማላላቱን ነው። ልማዱ የሸዋ ብቻ አልነበረም፤ ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልሃ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይመለስ መደረጉ የታወቀ ነው። ውል ቢፈረምም ኬላው ኬላነቱን አልተወም። በሸዋ ሦስት ዓመት ያህል የተቀመጠው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1842 ከአገሩ ወጥቶ ሊመለስ በፈለገ ጊዜ፣ በሩ የተዘጋበት አንኮበር ሳይደርስ፣ ገና በጠረፉ በታጁራ ሳለ ነበር።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ጠባዮችን ነቅሰን እናውጣ። የመጀመሪያው፣ የእያንዳንዱ እንግዳ ጉዳይ ለብቻው መመርመሩ ነው፤ ውሳኔው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከላይም ይመለሳል። ሁለተኛው፣ የሚጠብቅ እንግዳ ለኬላው ወጪ መሆኑ ነው። የንጉሥ እንግዳ ድርጎ ይቆረጥለታል፤ ከ1842 ጀምሮ በአልዩ አምባ የተቀመጠው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በመጽሐፉ ስለዚሁ ድርጎ ደጋግሞ ያነሣል። ውሳኔ ያላገኘ ሰው ቤት ይይዛል፣ እንጀራ ይበላል፣ የሚጠብቀው ሰውም ያስፈልገዋል። ሦስተኛው፣ ኬላው ማን እንደገባና ማን እንዳልወጣ ማስታወስ ነበረበት።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ብዙ ሰው ቢመጣበት ምን ይሆን ነበር? አልመጣበትም። በአንኮበር ኬላ ፊት ለፊት የሳምንታት በረሃ ነበር። ወደ ኬላው አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ግመል መከራየት፣ ውኃ መያዝ፣ ከአፋር ባላባቶች ጋር መስማማት፣ ሕይወትንም ለአደጋ ማጋለጥ ያስፈልግ ነበር። በረሃው ሳይታዘዝና ደመወዝ ሳይከፈለው የእንግዳውን ቁጥር ይመጥን ነበር። ወላስማው እያንዳንዱን ሰው በጥሞና የመመርመር ጊዜ ያገኘው ንቁ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ በረሃው ስላገዘውም ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የምንመለከተው ታሪክ በረሃ የሌለው ኬላ ታሪክ ነው።

የኔትወርኩ ኬላ ልደት

የመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች የሚተዋወቁ የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋማት ሰዎች ስለነበሩ ደጃቸውን ክፍት ትተው ይኖሩ ነበር። ያን መተማመን ክፉኛ ያናጋው ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የተለቀቀው የሞሪስ ትል ነው። ይህ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በግምት 6,000 ኮምፒዩተሮችን አጠቃ፤ በጊዜው ከኢንተርኔቱ አሥር በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ትሉ መረጃ አልሰረቀም፣ አላጠፋምም። ራሱን ከመጠን በላይ እያባዛ ኮምፒዩተሮቹን ሥራ አስፈታ እንጂ። አገልግሎት ማስተጓጎል ማለት ምን እንደሆነ ዓለም በሰፊው የተማረው ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዘመን የኔትወርክ ኬላዎች ተሠሩ። መጀመሪያ የመጡት ፓኬትን በላዩ በተጻፈው አድራሻ ብቻ የሚለዩ ማጣሪያዎች ናቸው። እነዚህ ማስታወስ አያውቁም፤ እያንዳንዱን ፓኬት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት ሆነው ይመዝኑታል። ዊልያም ቼስዊክና ስቲቨን ቤሎቪን ስለ ፋየርዎል በስፋት የተነበበውን መጽሐፋቸውን በ1994 አሳተሙ። በዚሁ ዓመት ቼክ ፖይንት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ፋየርዎል-1 የተሰኘውን ምርቱን ለገበያ አቀረበ። የዚህ ምርት ዋና አዲስነት ማስታወሱ ነበር። ከውስጥ ወደ ውጭ የተጀመረን ግንኙነት በሰንጠረዥ ይመዘግባል፤ ከውጭ የሚመጣው መልስ በሰንጠረዡ ካለ ያሳልፈዋል፤ ከሌለ በደንቡ ይዳኘዋል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ማስታወስ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ደግሞ ወሰን አለው። ኬላው ብልህ በሆነ መጠን የሚሸከመው በዛ።

የድካሙ ታሪክ

በሴፕቴምበር 1996 በኒው ዮርክ የሚገኘው ፓኒክስ የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ለቀናት የዘለቀ ጥቃት ደረሰበት። የጥቃቱ ስልት ቀላል ነው። በኢንተርኔት ሁለት ኮምፒዩተሮች መነጋገር ሲጀምሩ ሦስት ጊዜ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው አቤት ይላል፣ የጠራውም መስማቱን ያረጋግጣል። አጥቂው በሐሰት አድራሻ ይጠራና ይጠፋል። ተጠሪው አቤት ብሎ፣ ለእንግዳው ቦታ ይዞለት፣ የማይመጣ ማረጋገጫ ይጠብቃል። እንዲህ ያሉ ባዶ ጥሪዎች ሲደራረቡ ቦታው ይሞላል፤ እውነተኛው እንግዳ ሲመጣ ቦታ የለም ይባላል። በአንኮበር ቋንቋ ብንናገረው፣ ላልመጣ እንግዳ ድርጎ እየተቆረጠ ጎተራው ባዶ ሆነ ማለት ነው።

በፓኒክስ የተጠቁት ሰርቨሮች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተቋማት ሰርቨሮቻቸውን ከፋየርዎል ኋላ አስጠለሉ፤ ችግሩም ከሰርቨሩ ወደ ፋየርዎሉ ተዛወረ። በ1999 ላንስ ስፒትስነር የተባለ አሜሪካዊ የደኅንነት ባለሙያ የፋየርዎል-1ን የግንኙነት ሰንጠረዥ ፈትሾ ድክመቱን ለሕዝብ ገለጸ። ሰንጠረዡ በመደበኛ አደረጃጀቱ 25,000 ግንኙነቶችን ብቻ ይይዝ ነበር። መሣሪያው ደንቡ የሚፈቅደው ፓኬት ሲደርሰው፣ የሰላምታው መጀመሪያ ባይሆንም እንኳ፣ አዲስ ግንኙነት ብሎ ይመዘግበዋል፤ መልስ ባይገኝም ለ3,600 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት፣ ይዞት ይቆያል። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 25,000ን ለ3,600 ብናካፍለው 7 ያህል ይሆናል። በሰከንድ ሰባት ፓኬት የሚልክ ማንኛውም ሰው፣ በቤት ስልክ መስመር የተገናኘ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰንጠረዡን ሞልቶ እንደሞላ ሊያቆየው ይችል ነበር። አንድን ተቋም ከዓለም ለመለየት ጉልበት አላስፈለገም፤ ኬላው ቶሎ መርሳት አለመቻሉ በቂ ነበር።

በ2000 ይኸው ባለሙያ በዚሁ ምርት ላይ ሌላ ድክመት አሳየ። የተቆራረጡና የተበላሹ ፓኬቶች በብዛት ሲላኩ የፋየርዎሉ ፕሮሰሰር ሙሉ በሙሉ ይያዝ ነበር። ጊዜያዊ መፍትሔ ሆኖ የቀረበው፣ መሣሪያው በራሱ መቆጣጠሪያ መስኮት ላይ መልእክት መጻፉን እንዲያቆም ማድረግ ነበር። ፓኬቶቹ ያደከሙት መመዝገቡ ነበርና።

በኖቬምበር 2016 የዴንማርኩ የቴሌኮም ኩባንያ ቲዲሲ የደኅንነት ባለሙያዎች ብላክነርስ ብለው የሰየሙትን ጥቃት ይፋ አደረጉ። ጥቃቱ የሚጠቀመው አይሲኤምፒ የተባለውን የኢንተርኔት የመልእክት ሥርዓት፣ በተለይም የጠራኸው በር አልተገኘም የሚለውን የስሕተት ማስታወቂያ ነው። በሰከንድ ከ15 እስከ 18 ሜጋቢት ብቻ የሚሆን እንዲህ ያለ መልእክት አንዳንድ የታወቁ ፋየርዎሎችን ፕሮሰሰር አሟጥጦ ከጀርባቸው ያለውን ኔትወርክ ከኢንተርኔት ይለይ ነበር። መጠኑን ለማነጻጸር፣ በዚያው ዓመት ኦቪኤች በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ላይ የደረሰው ጥቃት በሰከንድ አንድ ቴራቢት ገደማ፣ ማለትም ከዚህ በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ነበር። አንዱ በብዛቱ ያጥለቀልቃል፤ ሌላው የጠባቂውን የሥራ ልማድ አውቆ ያደክመዋል።

ማርች 5 ቀን 2019 ጉዳዩ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ደረሰ። በምዕራባዊ አሜሪካ የአንድ የኃይል አምራች ድርጅት ፋየርዎሎች በአሥር ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ በተደጋጋሚ እየጠፉ ተነሡ። የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ከማመንጫ ጣቢያዎቹ ጋር የነበረው ግንኙነት በየጊዜው ከአምስት ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ይቋረጥ ነበር። ኃይል ማመንጨቱ አልተስተጓጎለም። በኋላ በወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ ያልታወቀ አጥቂ የተጠቀመው በፋየርዎሉ የድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ላይ የነበረን የታወቀ ተጋላጭነት ነው፤ አምራቹም ማስተካከያውን አስቀድሞ አውጥቶለት ነበር። መድኃኒቱ ተሠርቷል፤ በሽተኛው አልወሰደውም።

የመጨረሻው ምሳሌ የቅርብ ነው። በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ በፋየርዎሎቹ ላይ አንድ ተጋላጭነት መኖሩን አስታወቀ። በተለየ ሁኔታ የተሠራ አንድ ፓኬት መሣሪያውን አጥፍቶ ያስነሣዋል፤ ሙከራው ሲደጋገም መሣሪያው ወደ ጥገና ሁኔታ ይገባና ሥራ ያቆማል። ተጋላጭ የነበሩት የዲኤንኤስ ደኅንነት አገልግሎትን ከነምዝገባው ሥራ ላይ ያዋሉ ናቸው። ማስተካከያውን ወዲያው መጫን ለማይችሉ የተሰጠው ምክር ምዝገባውን ማቆም ነበር። ከ2000 እስከ 2024 ሃያ አራት ዓመት አለፈ፤ መሣሪያው ተለወጠ፣ ኩባንያው ሌላ ነው፣ የጉድለቱም ቴክኒካዊ ባሕርይ አንድ አይደለም። ጊዜያዊው ምክር ግን ተመሳሰለ፤ ጠባቂው እንዳይወድቅ መጻፉን ይተው።

እነዚህን ክስተቶች በተርታ ስናያቸው አንድ ሐሳብ ይወጣል። ፋየርዎል የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዋና ሥራዎቹ በኩል ነው፤ በማስታወስ፣ በመመዝገብና በመመርመር። አዲስ የጥበቃ ተግባር በተጨመረለት ቁጥር አዲስ የሚደክምበት ቦታ ይጨመርለታል። በሸዋው ኬላ ሦስቱም ሥራዎች ነበሩ፤ ሆኖም ከፊት ለፊቱ በረሃ ነበረለት። የኔትወርኩ ኬላ ሥርዓቱን ወረሰ፤ በረሃውን ግን አልወረሰም። ፓኬት ግመል አይከራይም፣ ውኃ አይጠማውም፣ ከዓለም ዳርቻ ተነሥቶ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ደጃፍ ይደርሳል። ጠያቂውን አንዳች የማያስወጣ ጥያቄ ተጠያቂውን ብዙ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ሚዛኑ ከመነሻው ለአጥቂው ያደላ ነው።

በእኛ ደጅ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ካለ፣ መልሱ የሚጀምረው ከካርታ ነው። ኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የጀመረችው በ1997 ነው። የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር የሚያገናኟት የፋይበር መስመሮች በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ይገባሉ። የጨው ግመል የተጫነበት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዛሬ የባሕር ውስጥ የመረጃ ገመድ የሚያርፍበት አገር ጠረፍ ነው። ሸዋ ከዓለም ጋር የምትገናኝበት አንዱ መንገድ አቅጣጫውን ብዙም አልለወጠም ማለት ይቻላል። በጥቂት በሮች የሚገባ አገር ደግሞ የእያንዳንዱ በር ጤንነት በእጅጉ ያሳስበዋል።

የሕግና የተቋም መሠረት ተጥሏል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ የዛሬው አስተዳደር፣ በ2006 ተቋቋመ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የኮምፒዩተር ሥርዓትን መደበኛ ተግባር ማሰናከልን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት አስቀድሞ፣ ሳይበር ሆረስ በተባለ ቡድንና በሌሎችም የተሞከሩ ጥቃቶችን ማክሸፉን ኤጀንሲው አስታውቆ ነበር። ሕግና ተቋም ግን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የቆመውን መሣሪያ አያድሱትም።

የጉዳዩን ክብደት በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረቀትና በበይነ መረብ ተሰጥቷል። ከገጠር ወረዳ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባ ተፈታኝ በኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ድካሙ የሚያልፈው በአንድ ኬላ በኩል ነው። ያ ኬላ ለግማሽ ሰዓት ቢተኛ ምስጢር አልወጣም፣ ውጤት አልተቀየረም ልንል እንችላለን። ተፈታኙ ግን ተከልክሏል። የመረጃ ደኅንነት መምህራን ምስጢራዊነት፣ ምሉዕነትና ተደራሽነት የሚሏቸው ሦስት ምሰሶዎች አሉ፤ ሦስተኛው ከተነሣ ሁለቱ ቤት አያቆሙም። በወረፋ ላይ ያለ ታማሚ ካርዱ ሲጠፋበትና ሲቆለፍበት የሚሰማው ልዩነት የለም።

ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሌላም ትምህርት ያገኛል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ ያሠሩት የጣርማ በር ዋሻ ሽቅብና ቁልቁል ይደረግ የነበረውን ድካም አቃሎ የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ዋና ማለፊያ ሆነ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። በዋሻው ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ቢበላሽ ግን ተራራውን የሞላው ትራፊክ በሙሉ ይቆማል። ሁሉን በአንድ ቀዳዳ የሚያሳልፍ ሥርዓት ለመቆጣጠር የተመቸ ነው፤ በዚያው ልክ ለመዘጋትም የተመቸ ነው። ከብዙ ድርጅቶች ኔትወርክ ፊት የሚቆመው ብቸኛ ፋየርዎልም ጣርማ በር ነው።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ታሪክ ፋየርዎል አይጠግንም። የት መመልከት እንዳለብን ግን ይጠቁማል። አራት ነገሮችን ላንሣ።

አንደኛ፣ ኬላ መርሳትን ይማር። ፓኒክስ በተጠቃበት ወር ዳንኤል በርንስታይን የተባለ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሊቅ ያቀረበው መፍትሔ ዛሬም ይሠራል። ተጠሪው ለጠራው ሁሉ ቦታ ከመያዝ ይልቅ በምስጢር ስሌት የታተመ ቁጥር ይሰጠዋል፤ እንግዳው ያንን ቁጥር ይዞ ሲመለስ ብቻ ቦታ ይሰጠዋል። ማስታወሻውን የሚሸከመው ኬላው መሆኑ ቀርቶ እንግዳው ሆነ፤ የይለፍ ወረቀት መሆኑ ነው። እንዲሁም ያልተቋጨ ግንኙነት በሰንጠረዥ የሚቆይበት ጊዜ አጭር መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ በረሃውን መልሰን እንሥራው። ከአንድ ምንጭ በሰከንድ የሚመጣውን ጥያቄ መመጠን፣ ለውጭ ሰው የማያስፈልገውን የመቆጣጠሪያ ገጽ ከኢንተርኔት ማራቅ፣ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ ጎርፉን ከላይ ማስቆም የሚያስገኙት ውጤት ይህ ነው። ክራፕፍ የተከለከለው በአንኮበር ደጃፍ ሳይሆን በታጁራ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ያገራችን አባባል እዚህ ቦታውን ያገኛል፤ መስመሩን የሞላ ጎርፍ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ የሚያቆመው ፋየርዎል የለም።

ሦስተኛ፣ ጠባቂው ሲወድቅ በሩ ይዘጋ ወይስ ይከፈት? ይህን መሣሪያው ይወስን ብሎ መተው አይገባም። ለገንዘብ ማስተላለፊያ መዘጋቱ ይመረጥ ይሆናል፤ ለድንገተኛ ሕክምና መረጃ መዘጋቱ ራሱ ጉዳት ነው። ውሳኔው የቴክኒክ ባለሙያው ብቻ አይደለም፤ የተቋሙ ኃላፊ፣ የሕግ ባለሙያውና አገልግሎቱን የሚሰጠው ክፍል በሰላሙ ቀን ተቀምጠው ሊወስኑትና ሊጽፉት ይገባል። ሁለተኛ ፋየርዎል በተጠባባቂነት ማቆምም መልካም ነው። ሆኖም ሁለቱ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ከያዙ፣ አንደኛውን የጣለው ፓኬት ተጠባባቂውንም ይጥለዋል።

አራተኛ፣ ግዢ ጥበቃ አይደለም። የ2019ኙ ክስተት እንደሚያሳየው የታወቀ ቀዳዳ ማስተካከያው ወጥቶለት እያለ ሳይደፈን ሊቆይ ይችላል። ለመሣሪያ ግዢ በጀት የሚይዝ ተቋም ለዓመታዊ የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ለእድሳትና ለሚያድሰው ሰው በጀት ካልያዘ፣ የገዛው ነገር ዕድሜው በገፋ ቁጥር ድካሙ የሚበዛ ጠባቂ ነው።

በመጨረሻ ስለ ንጽጽሩ ወሰን አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። የሸዋ ኬላ የፖለቲካ ተቋም ነበር፤ ንጉሡ ማንን እንደሚያቆይና ማንን እንደሚመልስ ሲወስን መዘግየቱ ራሱ የሥልጣን መግለጫ ነበር። ፋየርዎል ሥልጣን የለውም፤ የሚያስፈጽመው እኛ የጻፍንለትን ደንብ ነው። ስለዚህ በመዘግየቱም ሆነ በመውደቁ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን። አንኮበር ማዕከልነቷን ያጣችው ኬላዋ ስለተሰበረ አልነበረም፤ በምኒልክ ዘመን መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ ንግዱና ሰዉም ሌላ መንገድ ስለያዘ እንጂ። የማያስተማምን በር ያለው አገልግሎትም ዕጣው ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ሰው በሩን ሳይሰብር ትቶት ይሄዳል፣ ወደ ወረቀቱና ወደ ሰልፉ ይመለሳል።

ከዚህ አዳራሽ የምትወጡ ተማሪዎች ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የእነዚህ በሮች ኃላፊዎች ትሆናላችሁ። በተመደባችሁበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ፤ የዚህ ፋየርዎል ሰንጠረዥ ስንት ግንኙነት ይይዛል? ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው? ዛሬ ሌሊት ቢወድቅ ማን ይነሣል፣ በምንስ መንገድ እንሠራለን? መልሱን በቃል የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ በጽሑፍ እንዲያደርገው ለምኑት። ካላገኛችሁ፣ ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ።